የእህቴ ጸጉር ዛሬ ቀይ ሆነ

ዛሬ ከሰዓት ቤታችን ጸጉር ቤት ሆኖ ዋለ። ታናሽ እህቴ ፈተናዋን ጨርሳ፣ ጸጉሬን ደማቅ ቀይ ካላደረግኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ጓንቴን አጠለቅኩ።

ጥቁር ጸጉር ላይ ደማቅ ቀለም ዝም ብሎ ቢቀቡት እምብዛም አይታይም። መጀመሪያ የጸጉሩ ጥቁረት በብሊች፣ ማለትም በጸጉር ቀለም ማንሻ (የልብስ በረኪና አይደለም)፣ መነሳት አለበት። ሲነሳ ደግሞ ወዲያው ቢጫ አይሆንም፤ ቀላ ያለ ቡኒ ይሆንና ከዚያ ብርቱካናማ ይመጣል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ሌላ ብሊች ይጭንበታል። ለቀይ እኮ ብርቱካናማው ይበቃል! ፈዛዛ ቢጫ ድረስ መሄድ ያለበት ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ጸጉር ይጎዳል።

ከብሊቹ ጋር የቀላቀልነው 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ነው፣ ጥንካሬው 20 ቮልዩም የሚባለው። ከዚያ በላይ ያለውን ቤት ውስጥ አልነካም። ሥሩን መጨረሻ ላይ ቀባነው፤ የራስ ሙቀት ስላለ ቶሎ ይነጣል። ቆዳዋን እንዳያስቆጣት ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ሞክረናል፣ ይሄን እባካችሁ አትዝለሉት። ሪላክሰር (ከርዳዳ ጸጉር ቀጥ የሚያደርግ ኬሚካል) የተቀባ ጸጉር ቢሆን ግን ብትለምነኝም እሺ አልላትም ነበር፤ ይበጣጠሳል።

እማዬ በር ላይ ቆማ "ምነው ልጆቼ፣ ምን ነካችሁ?" ስትል ቆየች። ታጥቦ ሲደርቅ መጥታ በጣቶቿ ዳበሰችው። "ለስላሳ ነው እኮ" አለች። እህቴ ከመስታወቱ አልተነሳችም፣ እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቻለሁ።

ቀለሙ ቶሎ እንዳይለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠባለች። ያሰባችሁ ካላችሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።