ድፍን 5.00

ዛሬ ጣፎ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪዎቼን የላብ (የላቦራቶሪ) ሪፖርት ሳርም ዋልኩ። ሙከራው ቀላል ነው፤ የኦም ሕግ፦ ቮልቴጁ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ከረንቱን ይሰጣል። 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንትን የሚገድብ ዕቃ) ላይ 5 ቮልት ሰጥቶ ከረንቱን መለካት። ወርቃማ መስመር ያለው ሬዚስተር ግን ትክክለኛ ኦሙ ከተባለው እስከ 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ንባቡ ከ4.76 እስከ 5.26 ሚሊ አምፒር መሀል የትም ሊያርፍ ይችላል። የብዙዎቹ ግሩፖች ሪፖርት ላይ ግን ያለው ድፍን 5.00 ነው። ካልኩሌተር የሰጠው ቁጥር እንጂ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ያነበበው አይደለም።

አንዷ ልጅ ብቻ 4.83 ጽፋ፣ ለምን እንደቀነሰ አስረድታለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የሚያናድደኝ የማርክ አሰጣጡ ነው። ብዙው ነጥብ "ለትክክለኛ ውጤት" ነው። የስህተት ትንተናው እዚህ ግባ የሚባል ማርክ የለውም። ዳታ ፈጥሮ መጻፍ ዜሮ የሚያሰጥ ጥፋት ነው፣ በዚህ አልደራደርም። ግን በሐቅ የለካችው ልጅ ለምን ትጎዳለች?

ለዲፓርትመንቱ ሀሳብ እየጻፍኩ ነው። ተማሪው ጥሬ ዳታውን እዚያው ላብ ውስጥ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ሳይወጣ አሲስታንቱ ይፈርምበት። የተሰረዘውም ይታይ። ከማርኩ ግማሹ ለዚያ ዳታና ለማብራሪያው ይሁን።

ላብ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚታረመው?