ጥቁሩ መስመር፦ የቪዲዮ ሥልጠና ቦታ እንዴት መረጥኩ፣ እንዴትስ ገባሁ

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ሲለቀቅ ግማሽ አላመጣሁም። ብቻዬንም አልነበርኩም። ከተፈተነው ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 27 ሺህ ገደማ ነው፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። ቤተሰቦቼ ይህን በቴሌቪዥን ሰምተውታል። ያም ሆኖ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ቡና አላፈላችም።

እኔ ግን ከፈተናው በፊትም ልቤ ቪዲዮ ላይ ነበር። አጎቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ከጨንቻ የመጡት በልጅነታቸው ነው። ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ጋ እየሄድኩ በስልኬ እቀርጻቸዋለሁ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ሲቀመጡ፣ መወርወሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲልኩት፣ ማጉን በድሩ መሀል አሳልፈው ጠበቅ ሲያደርጉት ማየት አይሰለቸኝም። የሚሠሩባት ክፍል መስኮቷ ጠባብ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ፍሎረሰንት ይበራል። እዚያ የቀረጽኩትን ሁሉ ስከፍተው ታዲያ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይንከባለላል። ነጩ ሸማ ላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ጎልቶ ይታያል። ስልኬን ቀየርኩ፣ መስመሩ አለ። ሌንሱን ወለወልኩ፣ አሁንም አለ።

"ቴክኒክና ሙያ እገባለሁ፣ ቪዲዮ እማራለሁ" ስል አባቴ አልተቆጣም። "ሂጂ፣ ግን ዓይንሽን ከፍተሽ ግቢ" አለኝ። እኔም ያንን መስመር ያለበትን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ይዤ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ማስታወቂያው ዓይን ይስባል። በ3 ወር ሲኒማቶግራፊ፣ ኤዲቲንግና ዳይሬክቲንግ ይላል። መግቢያው ላይ ትልቅ ካሜራ በክሬን ላይ ቆሟል። የተቀበለችኝ ልጅ በጣም ደግ ነበረች። በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንዳለ ስጠይቃት 35 አለችኝ። ካሜራውስ? 2። አንዱ መግቢያው ላይ ያየሁት ነው። ክፍለ ጊዜው 2 ሰዓት ከሆነና በ2 ካሜራ 35 ሰው ከተካፈለ ለአንድ ሰው 7 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ያውም አስተማሪው ምንም ካላወራ ነው። ቪዲዮዬን ለአንድ አሠልጣኝ አሳየሁት። "ስልክ ስለሆነ ነው፣ ካሜራ ስትይዢ ይጠፋል" አለኝ። ልከፍል ይዤው የሄድኩትን ገንዘብ ይዤ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ኮሌጅ ነው፤ በደረጃ ያሠለጥናል። ሕንፃው ጥሩ ነው፣ ክፍያውም ከአቅማችን ብዙ አይርቅም። እዚህ ያዳነችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ አካውንቲንግ ስትማር ጓደኞቿ ላይ የደረሰውን ታውቃለች። "ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንብቢ፣ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ውስጡን" አለችኝ። አነበብኩት። ፈቃዱ እውነተኛ ነው፣ ግን የተሰጠው ለሌሎች መስኮች ነው። ቪዲዮ የሚል የለበትም። ሬጅስትራሯን ስጠይቃት "ሂደት ላይ ነው" አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለመስኩ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት ሌላውም አለው ማለት አይደለም። ፈቃድ በሌለው መስክ ተምራችሁ ስትጨርሱ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ለመቅረብ ትቸገራላችሁ። ሲኦሲ ከሌለ ደግሞ በደረጃ ሠልጥኛለሁ ብላችሁ መንግሥት መሥሪያ ቤት ማመልከት ከባድ ነው። በግላችሁ ሰርግ ለመቅረጽ ማንም ወረቀት አይጠይቃችሁም፣ ልክ ነው። ነገር ግን የ2 ዓመት ገንዘብና ጊዜ ከፍሎ ወረቀቱን ማጣት ያማል። "ሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ ከሰማችሁ ሂደቱ ሲያልቅ ተመለሱ። ጥያቄ ካላችሁ የከተማውን የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ባለሥልጣን ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሦስተኛውን ቦታ የጠቆመኝ ሰርግ የሚቀርጽ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሕንፃው ያረጀ ነው። ካሜራዎቹም አዲስ አይደሉም፣ ግን 5 ናቸው፤ በአንድ ፈረቃ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ 20። ለ4 ሰው አንድ ካሜራ። ፈቃዱ ላይ መስኩ በስሙ ተጽፏል። በዕድሜ ጠና ያሉ አሠልጣኝ ክፍል ውስጥ ገመድ እየጠቀለሉ አገኘኋቸው። "ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አልኳቸውና ስልኬን ሰጠኋቸው።

አይተው ፈገግ አሉ። "ይሄ የስልክሽ ጥፋት አይደለም፣ የመብራቱ ነው" አሉኝ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ዓይናችን ግን አይለየውም። ስልኬ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (ለአንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) የሴኮንድ 60ኛ አድርጎ ይቀርጽ ስለነበር ከመብራቱ ምት ጋር አይገጥምም። መስመሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ወዲያው የስልኬን ፕሮ ሞድ ከፍተው ፍሬሙን 25፣ ሸተሩን 50ኛ አደረጉት። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ወዳለው ፍሎረሰንት አዙረው "በይ ቅረጪ" አሉኝ። መስመሩ የለም።

እዚያው ወሰንኩ። ለወራት ያስጨነቀኝን ነገር በ2 ደቂቃ፣ በራሴ ስልክ፣ ምንም ሳያስከፍሉኝ አሳዩኝ። ደግሞ ካሜራ ግዢ አላሉኝም።

ምርጫው አለቀ፣ መግባቱ ግን ቀረ። እዚያ ቦታ ወረቀት ብቻ አይበቃም። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ትመዘገባላችሁ። ከዚያ ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ የራሳችሁን ሥራ አቅርባችሁ ቃለ መጠይቅ ትቀመጣላችሁ። በስልክ የተሠራ ይቀበላሉ። የነበረኝ ጊዜ 10 ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ድራማ መሥራት ነበር። ጓደኞቼን ሰብስቤ ግማሽ ቀን ቀረጽን። ማታ ሳየው የማንም ሥራ ይመስላል። እናቴ አብራኝ እያየች "ያ የአጎትሽስ?" አለችኝ። በማግስቱ በጠዋት ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። በአዲሱ አሠራር ቀረጽኩ፤ ምስሉ ጥርት አለ። ድምፁ ግን አስቸገረኝ። ክፍሏ ከመንገድ ዳር ስለሆነች የሚኒባስ ረዳት ጥሪ ሁሉ ይገባል። የእናቴን ስልክ ተዋስኩ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ከሽመና እቃው አጠገብ አስቀመጥኩትና ድምፁን ለብቻ ቀዳሁ። ሁለቱን ስልክ አንድ ላይ ካስነሳሁ በኋላ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ኤዲት ሳደርግ የጭብጨባውን ድምፅ ከእጆቼ መግጠም ጋር አስተካከልኩት። አጎቴ "ለምን ታጨበጭቢያለሽ?" ብለው ገርሟቸው ነበር።

የቃለ መጠይቁ ቀን ሦስት ሰዎች ነበሩ። ቪዲዮዬን አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ አንደኛዋ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳ አዞረችውና "አሁን ደግሞ እንስማው" አለች። ምስል ሳይታይ ሦስት ደቂቃ በዝምታ ሰማን። መወርወሪያው ሲያልፍ፣ እንጨቱ ሲመታ፣ አጎቴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ። "ድምፁን ማን ቀዳው?" አለችኝ። ነጠላውን ጨምሬ ነገርኳት። ከዚያ "ፊታቸውን ለምን መጨረሻ ላይ አሳየሽን?" ብላ ጠየቀችኝ። ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም። "እሳቸው ጋ ስሄድ መጀመሪያ የማየው እጃቸውን ነው፤ ቀና የሚሉት ሲጨርሱ ነው" አልኩ። የምችለው እሱን ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ ያስገባኝ ይህ መልስ ነው። ብዙዎቹ ልጆች "ስታይል ነው" ይሏቸዋል አሉ። እያንዳንዱን ሾት ለምን እንዳደረጋችሁት በራሳችሁ ቋንቋ መናገር ካቃታችሁ ሥራው ቢያምርም አይረዳችሁም።

ከገባሁ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ ብዘረዝር አያልቅም፤ ቀድሜ ባውቃቸው ኖሮ የምላቸውን ልንገራችሁ።

ቴክኒክና ሙያ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። ተግባሩ ግን ራሱ አይመጣም፤ ሄዳችሁ ትወስዱታላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ላብራቶሪው ክፍት መሆኑን ያወቅነው 3 ልጆች ብቻ ነበርን። በሁለተኛው ወር እኛና ሌሎቹ በችሎታ ተለያየን።

አሠልጣኞቹ ራሳቸው ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጥር ሲገባና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲደራረብ የቅዳሜና እሁድ ክፍለ ጊዜ ይሰረዛል። እኔ መጀመሪያ አኮረፍኩ። አንድ ጓደኛዬ ግን ቲቸርን "እቃ ልሸከምልዎት?" ብሎ አብሯቸው ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት እኔም ጠየቅኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ተክሊል መቅረጽ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። በሻማና በአምፖል ብርሃን ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ማስተካከል፣ ካህናቱን ሳይረብሹ መንቀሳቀስ፣ ቀለበቱ ሲጠለቅ ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት። ያ ቅጽበት አይደገምም። ክፍል ውስጥ ይህን ሊያስተምራችሁ የሚችል የለም።

በዚሁ ጊዜ አንድ ከባድ ጥፋት አጠፋሁ። መልስ ላይ ሚሞሪ ካርድ ሞላብኝ። የጠዋቱን ካርድ "ተገልብጧል" ብዬ ፎርማት አደረግኩት። አልተገለበጠም ነበር። የሙሽራዋ እናት ሲመርቁ የቀረጽኩት እዚያ ውስጥ ነበር። ቲቸር ማታውኑ በሪከቨሪ ፕሮግራም አብዛኛውን መለሱት፣ ምርቃቱ ግን ግማሹ ጠፋ። ቤተሰቡ ጋ ሄጄ ራሴ ተናገርኩ። እናትየው "ልጄ፣ ምርቃቱማ ደርሷታል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቦታ ሳልገለብጥ፣ ፋይሉንም ከፍቼ ሳላይ ካርድ አልነካም። ስለዚህ ክፍያውን ስታስቡ ሃርድ ዲስክንም አብራችሁ አስቡ። ማንም በምዝገባ ቀን አይነግራችሁም።

አንድ ትንሽ ነገርም አለች። ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ አማርኛ ስትጽፉ ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፣ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ነው። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ምረጡ። እኔ በዚህ ሙሉ ማታ አባክኛለሁ። መብራት ስለሚሄድም በየ5 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካክሉት።

መንገድ ላይ ለመቅረጽ ስትወጡ ከኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። እኔና ቡድኔ ሳንይዝ ወጥተን ግማሽ ቀን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተቀምጠናል። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ደብዳቤው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

ሲኦሲ ስፈተን የተግባሩ ክፍል የነበረው አዳራሽ በፍሎረሰንት የተሞላ ነው። መዛኙ አጠገቤ ቆመው ይጽፋሉ። ካሜራውን ስቀበል 30 ፍሬም ላይ ነው። 25 አደረግኩት፣ ሸተሩን 50ኛ። ቀና ብለው አዩኝና ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ምልክት አደረጉ። "ብቁ" የሚለው ውጤት ሲመጣ እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤትም ጠራች።

አሁን በቋሚነት የምሠራው ሽሮ ሜዳ ላሉ የጥበብ ልብስ ነጋዴዎች ነው። ልብሳቸውን እቀርጻለሁ፤ እነሱ ቪዲዮውን አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ደንበኞቻቸው ይልካሉ። ሰርግ ሲኖር ከቲቸር ጋር ሁለተኛ ካሜራ እይዛለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ አጎቴን እንደገና ቀረጽኳቸው፣ አሁን በደህና ካሜራ። ጨንቻ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ማየት ፈልጎ ነበርና ፋይሉን አሳንሼ በቴሌግራም ላክሁለት። ማታውኑ ደወለ። ስለ ምስሉ ምንም አላለም። "ድምፁን ሰማሁት፣ የአባታችን እቃ ነው አይደል?" ብሎ ጠየቃቸው። አጎቴ "እሱው ነው" አሉት።