የዙኮን እናት ፍለጋ፦ የ«አቫታር»ን ኮሚኮች እንዴት ሰበሰብኩ

«አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» የተባለው ካርቱን በሐምሌ 2008 ሲያልቅ አንድ ጥያቄ አንጠልጥሎብን ነው የሄደው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጦርነቱ አብቅቷል። ልዑል ዙኮ አባቱን ኦዛይን ተክቶ የእሳት ሀገር ንጉሥ ሆኗል። ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ወረደና አባቱን አፋጥጦ «እናቴ የት ናት?» አለው። መልሱ ሳይሰማ ትዕይንቱ ተቆረጠ።

ካርቱኑን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒየትዝኮ የፈጠሩት ሥራ ነው። ኒኬሎዲየን በተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ በየካቲት 2005 ጀመረ። ውሃ፣ ምድር፣ እሳት በሚባሉ ሦስት ምዕራፎች የተከፈሉ 61 ክፍሎች አሉት። ዓለሙ በአራት ሕዝቦች የተከፋፈለ ነው። ከየሕዝቡ ውሃን፣ ምድርን፣ እሳትን ወይም አየርን የሚያዙ ሰዎች ይወለዳሉ። አራቱንም ማዘዝ የሚችለው አቫታሩ ብቻ ነው። እሱም አንግ የሚባል፣ 100 ዓመት በበረዶ ውስጥ ተኝቶ የተገኘ ልጅ ነው። ሲነቃ ሕዝቡ በሙሉ አልቋል። ለልጆች ተብሎ የተሠራ ቢሆንም የዘር ፍጅትን፣ ስደትንና ይቅርታን ሳይሸሽ ነው የሚያወራው።

እኔ ያየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከአባቴ ጋር ገና መምጣታችን ነበር። እንግሊዝኛው አፌ ላይ አልገባም። እናቴ አዲስ አበባ ቀርታ ፕሮሰሷ እስኪያልቅ ትጠብቅ ነበር። ስለዚህ ዙኮ ያንን ጥያቄ ሲጠይቅ ለሌሎች ልጆች የተረት ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ አባዬን «እናቱ ትገኛለች?» እያልኩ አስቸገርኩት። «ትገኛለች፤ እናት የትም አትጠፋም» አለኝ። እማዬ በኋላ መጣች። የዙኮ እናት ግን ገና ነበረች።

መልሱ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ከትምህርት ቤት ስመለስ በማርፍበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። መደርደሪያው ላይ የዙኮን ፊት አየሁት። ርዕሱ «ዘ ሰርች» ይላል። ፍለጋው ማለት ነው። ገና ሳልቀመጥ ማንበብ ጀመርኩ።

የኮሚኮቹ አነሳስ ራሱ ታሪክ አለው። በ2010 ካርቱኑ ወደ ፊልም ሲቀየር ዋና ዋናዎቹን ጀግኖች ነጮች እንዲጫወቷቸው ተደረገ። የካርቱኑ ዓለም ግን ከልብሱ እስከ ጽሕፈቱ እስያዊ ነው። ብዙ አድናቂዎች ተቆጡ። ከተቆጡት አንዱ ጂን ሉን ያንግ የተባለ ቻይናዊ አሜሪካዊ ኮሚክ ጸሐፊ ነበር። ፊልሙን እንዳናይ የሚጠይቅ ኮሚክ ስሎ ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ዳርክ ሆርስ የተባለው የኦሪገን አሳታሚ የካርቱኑን ቀጣይ ታሪክ የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ ወደ እሱ ሄደ። ለሥራው የተቆረቆረ ሰው ሥራውን ተረከበ ማለት ነው። ይህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሥዕሉን የሠሩት ጉሪሂሩ በሚል ስም የሚታወቁ ሁለት ጃፓናውያን ሴቶች ናቸው። ገጸ ባሕርያቱን ከካርቱኑ ሳያርቁ፣ ግን ለወረቀት እንዲሆኑ አድርገው ነው የሳሏቸው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። መሰብሰብ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ርዕሶቹ ብዙ ናቸው፤ ሽፋናቸው ላይ ደግሞ ማን ከማን እንደሚቀድም በግልጽ አልተጻፈም። መጀመሪያ «ዘ ፕሮሚስ» (2012) ይነበባል። ቀጥሎ «ዘ ሰርች» (2013)፣ «ዘ ሪፍት» (2014)፣ «ስሞክ ኤንድ ሻዶው»፣ «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» ይከተላሉ። እነዚህን አምስቱን የጻፈው ያንግ ነው። ስድስተኛው «ኢምባላንስ» ነው። የጻፈችው ፌዝ ኤሪን ሂክስ፣ የሳለው ፒተር ዋርትማን ነው። «ዘ ሎስት አድቬንቸርስ» (2011) ካርቱኑ ሳያልቅ የሆኑ አጫጭር ታሪኮችን የሰበሰበ ስለሆነ መቼም ቢነበብ ችግር የለውም። እኔ በአጋጣሚ ከሁለተኛው ጀመርኩ። እናንተ ግን ከ«ዘ ፕሮሚስ» ጀምሩ።

ምክንያቱም «ዘ ፕሮሚስ» ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ነገር ይዟል። የእሳት ሀገር 100 ዓመት በቆየው ጦርነት የምድርን መንግሥት ግዛቶች ይዞ ሰዎቹን አስፍሮባቸዋል። አሁን ሰላም ሆኗልና ሰፋሪዎቹ ይውጡ ተባለ። ወረቀት ላይ ፍትሕ ይመስላል። ችግሩ ዩ ዳኦ የምትባል ከተማ ላይ መጣ። እዚያ ሰዎቹ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። አባቷ ከእሳት ሀገር፣ እናቷ ከምድር መንግሥት የሆነች፣ ራሷም ምድርን የምታዝ ወጣት አለች። ውጪ ስትባል ወዴት ትሂድ? ይህን ያነበብኩት ትምህርት ቤት «ከየት ነህ?»፣ የአበሻ ዝግጅት ላይ ደግሞ «አማርኛ ትሰማለህ?» በምባልበት ዕድሜ ነው። አንግ ራሱ መጀመሪያ የቆመው በተሳሳተው ወገን ነበር። ሕዝቦቹ ተለያይተው ሲኖሩ ዓለም የሚስተካከል መስሎት። ሐሳቡን ለመቀየር ሦስት ቅጽ ፈጀበት። ካርቱን ላይ ቢሆን በአንድ ክፍል ያልቅ ነበር።

«ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ»ን ደግሞ አዲስ አበባ ሄጄ በተመለስኩ ሰሞን ነው ያነበብኩት። የአንግ ጓደኞች የሆኑት እህትና ወንድም ካታራና ሶካ ከብዙ መንከራተት በኋላ ወደ ደቡብ ዋልታ ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። የድንኳኗ መንደር ጠፍታ ትልቅ ከተማ እየተሠራ ነው። የሰሜኖቹ ወገኖቻቸው መጥተው እየገነቡ ነው። ሶካ ይደሰታል። ካታራ ግን ያደገችበትን ቦታ ማወቅ ያቅታታል። ሰፈራችን ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ ላየሁት ለእኔ የካታራ ንዴት ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። መጽሐፉን የወደድኩት ከሁለት አንዳቸውን ሞኝ አድርጎ ስላላቀረበ ነው።

የ«ዘ ሰርች»ን መልስ አልነግራችሁም። መልሱ ዙኮ ካሰበው የከበደ መሆኑን ግን እወቁ። እህቱ አዙላም አብራ ትጓዛለች፤ እሷን በእንዲህ ያለ ርኅራኄ የጻፈ ሌላ አላየሁም።

ወደ ግዢው ልምጣ። እያንዳንዱ ታሪክ መጀመሪያ የወጣው በሦስት ስስ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዷ 80 ገጽ ገደማ ናት፤ የሽፋን ዋጋዋ 10.99 ዶላር ነበር። ከዚያ ሦስቱ ባንድ ላይ ተጠርዘው በጠንካራ ሽፋንና በትልቅ ገጽ «ላይብረሪ ኤዲሽን» ተብለው ይወጣሉ። በኋላ ደግሞ ሦስቱን በአንድ ስስ ሽፋን የያዘው «ኦምኒበስ» መጣ። ታሪኩ በሦስቱም ያው ነው።

ለመሰብሰብ የሚገባው ላይብረሪ ኤዲሽኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ውበቱ ብቻ አይደለም። በገጾቹ ዳር ያንግና ጉሪሂሩ የጻፏቸው ማስታወሻዎች አሉ። ይህን ልብስ ለምን እንዲህ እንደሳሉት፣ ይህ ንግግር ከየት እንደመጣ ራሳቸው ያወሩላችኋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የእርሳስ ንድፎች ይታያሉ። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ማየት ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ማንበብ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ኦምኒበሱ ይበቃል። ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል፣ ለልጅ ለማዋስ አያሳሳም።

እኔ መንገዴ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉንም ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩ። ያልወደድኩትን መጽሐፍ ገንዘብ አውጥቼ አልገዛም። በቅርቤ ያለው ቅርንጫፍ የሌለውን ከሌላ ቅርንጫፍ አስመጡልኝ፤ ነፃ ነው፣ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቀጥዬ የወደድኳቸውን አንድ በአንድ ገዛሁ። በብዛት ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡ መደብሮች ነው። በግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ በየዓመቱ የነፃ ኮሚክ ቀን ይከበራል። ዳርክ ሆርስ በተለያዩ ዓመቶች ለዚያ ቀን አጫጭር የአቫታር ታሪኮችን አውጥቷል። እነዚያ ቀጫጭን እትሞች አሁን የስብስቤ ውድ ክፍል ናቸው።

ያገለገለ ስትገዙ የምታዩትን ልንገራችሁ። ስስ ሽፋኖቹ በሙጫ ስለተጣበቁ ጀርባቸውን ፈትሹ። ገልጣችሁ ወደ መሐሉ ስትሄዱ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ገጾቹ ሊረግፉ ነው። የኅትመት መረጃው ያለበት ገጽ ላይ ከ1 እስከ 10 የተደረደሩ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ከቀሩት ቁጥሮች ትንሹ ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ይነግራችኋል። 1 ካለ የመጀመሪያው ነው። ለእኔ ይህ ብዙም ግድ አይሰጠኝም፤ ሻጩ ግን «የመጀመሪያ ኅትመት» ብሎ ዋጋ ከቆለለ ማረጋገጥ መብታችሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ የጀርባውንና የዚያን ገጽ ፎቶ ጠይቁ። አንድ ሻጭ «ሙሉ ታሪክ» ብሎ ሁለተኛውን ቅጽ ብቻ ልኮልኝ ያውቃል። ገንዘቤን እስኪመልስ ብዙ አመላለሰኝ። «ክፍል 1፣ 2፣ 3» የሚለው ሽፋኑ ላይ ተጽፏልና ሳትከፍሉ በፊት አንብቡት።

የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለባቸውን ቅጂዎች ሰብሳቢዎች ይንቋቸዋል። ስለዚህ ርካሽ ናቸው። እኔ ደስ እያለኝ ነው የምገዛቸው። ሽፋናቸው በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ከአዲሱ ይልቅ ይቆያሉ።

አቀማመጡ ከባድ አይደለም። አቁሟቸው፤ አጋድማችሁ አትደራርቧቸው። የፀሐይ ብርሃን የጀርባቸውን ቀለም ይበላዋል፤ ቀዩ ይብሳል። ምድር ቤት ውስጥ ካስቀመጣችሁ ደግሞ ርጥበቱ ወረቀቱን ያሳብጠዋል። የእኔ መደርደሪያ መስኮት የሌለበት ግድግዳ ላይ ነው።

በግንቦት 2020 ካርቱኑ አሜሪካ ውስጥ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ አዲስ ትውልድ ተቀላቀለን። ሁሉም ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን ነበር። የእህቴ ልጅ በዚያ ጊዜ አይቶ ጨረሰውና ደወለልኝ። «አጎቴ፣ የዙኮ እናትስ?» አለኝ። በማግስቱ ኦምኒበሶቹን በራፋቸው ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ። የተዋሰውን ሳይጨርስ ሌላ አልሰጠውም። አንዱን ሲመልስ ቁጭ ብለን እናወራበታለን። ስለ ዩ ዳኦ አንግ ልክ ነበር ብሎ ድርቅ ይላል፤ እኔም አልተስማማሁም። እማዬ ክርክራችንን ሰምታ «ደግሞ የማን ልጅ ጠፋች?» ስትል እኔና እሱ እየተቀባበልን ከመጀመሪያው ጀምረን ተረክንላት። ዙኮ ከአባቱ የተጣላበትን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች።

አሁን የቀረኝ የድሮዎቹ የኒኬሎዲየን መጽሔቶች ናቸው። መጽሔቱ በ2009 መጨረሻ ከመቋረጡ በፊት አጫጭር የአቫታር ኮሚኮች ይወጡበት ነበር። ታሪኮቹ «ዘ ሎስት አድቬንቸርስ» ውስጥ ስላሉ ለማንበብ አያስፈልጉኝም። የምፈልጋቸው እነዚያን ገጾች ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ አንግ ማሸነፉን ማንም ሳያውቅ ልጆች በእጃቸው ይዘዋቸው ስለነበር ነው። ያገለገሉ መጽሔቶች በካርቶን በሚሸጡበት ቦታ ባለፍኩ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ከ2005 እስከ 2008 ያሉትን እየለየሁ አያለሁ። ቤቱ ያስቀመጠ ካለና መጣል ከፈለገ፣ አይጣል፤ እኔ እገዛዋለሁ።