ዋትስአፕና ቴሌግራም በብራውዘር ጎን፦ ከጣና ዳር ሆኜ የሞከርኩት

የጀልባ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ቀኑን ሐይቅ ላይ የሚውል ይመስላል። እኔ ግን የምውለው ኢንቦክስ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች ጠባብ ቢሮ ቁጭ ብዬ ለእንግዶች መልስ እሰጣለሁ። የውጭ ዜጋው በዋትስአፕ ይጽፋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ነው። ለፎቶ ጀልባ የሚፈልገው ሙሽራ ደግሞ ፌስቡክ ፔጃችን ላይ “ዋጋ በኢንቦክስ” ብሎ ይጠፋል። በዚህ ላይ የአየር ትንበያው፣ የሆቴሎች ኢሜይልና የበረራ ሰዓቱ አለ። ሁሉም በየታቡ ሲከፈት የትኛው የት እንዳለ መፈለጉ ራሱ ሥራ ሆነ።

ስለዚህ መልእክቱን ጎኑ ላይ የያዘ ብራውዘር ልሞክር ብዬ ኦፔራን አወረድኩ። በኖኪያ ዘመን ኢንተርኔት የጀመረ ሰው ኦፔራ ሚኒን አይረሳም። ገጹን በራሱ ሰርቨር አጭቆ ስለሚልክ ካርድ ይቆጥብልን ነበር። የኮምፒዩተሩ ኦፔራ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና የፌስቡክ ሜሴንጀር በግራ በኩል ካለው ሳይድባር ላይ ይከፈታሉ።

ማስገባቱ ከባድ አይደለም። የሳይድባሩን ማስተካከያ ከፍቶ የሚፈለጉትን መምረጥ ነው። ምልክቱን ሲነኩት ኪውአር ኮድ ይመጣል፤ ስልኩ ላይ ወደ “ሊንክድ ዲቫይስስ” ገብቶ ስካን ማድረግ፣ አለቀ። እኔን የጠቀመኝ ግን መልእክቱ በሚከፈትበት ጠባብ መስኮት፣ በፓነሉ፣ አናት ላይ ያለችው ትንሽ የፒን ምልክት ናት። እሷ ካልተጫነች ፓነሉ ገጹ ላይ ተደርቦ ይከፈትና ገጹን ስነካ ይዘጋብኛል። ከተጫነች ገጹ ጠበብ ይልና ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህችን ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ብራውዘሩን በነጋታው አጠፋው ነበር።

ጎን ለጎን መሆኑ ምን ይጠቅማል? አንድ እንግዳ ከባለቤቱ ጋር የክብራን ገብርኤልን ገዳም ማየት እንደሚፈልግ በዋትስአፕ ጻፈልኝ። ክብራን ሴቶች አይገቡበትም። ስለዚህ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ላሳየው ፈለግኩ፤ ዘጌ ላይ ያለ ነው፣ ሁለቱም ይገባሉ፣ የግድግዳ ሥዕሉም ያስደንቃል። ካርታውን በትልቁ ገጽ ከፍቼ፣ ሁለቱ ቦታዎች በሚታዩበት በኩል በኦፔራው ስናፕሾት (የገጹን ምስል መቁረጫ) ቆርጬ፣ እዚያው ፓነሉ ላይ ለጠፍኩለት። ቀጥሎ የንፋሱን ትንበያ ከፍቼ እሱንም ላክሁ። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣበታል፤ ጠዋት ካልወጣን ማዕበሉ እንግዳውን ያስጨንቀዋል። ሰዓቱንም በእኛም በእነሱም አቆጣጠር ጻፍኩለት። “ሁለት ሰዓት” ብቻ ብሎ ለፈረንጅ መላክ መዘዝ አለው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንድ መስኮት አልወጣሁም። ድሮ ስልክ አንሥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ መልሶ ኮምፒዩተር ማየት ነበር።

ቴሌግራሙም እንደዚያው ነው። ጢስ ዓባይ መቼ ሞልቶ እንደሚታይ የማይጠይቅ የለም። መልሱን አንዴ አሳምሬ ጽፌ አስቀምጫለሁ፦ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ ሂዱ፤ በበጋ ውኃው ይቀንሳል፣ ከቀረውም ብዙው ለኃይል ማመንጫው ይሄዳል። ከፋይሉ ገልብጬ ፓነሉ ላይ እለጥፋለሁ።

ፌስቡክ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንደኛ፣ በሳይድባሩ ሜሴንጀር የሚመጣው የግል መልእክቴ ነው። ለፔጁ የሚጻፈው ፔጅ በሚተዳደርበት በሜታ ቢዝነስ ስዊት በኩል ነው የሚገባው፣ እሱን ደግሞ በታብ ነበር የምከፍተው። ሁለተኛ፣ ኢንስታግራሙንም ጎን ላይ ስጨምረው ዓይኔ ከእንግዳው ጥያቄ ወደ ሪልስ እየሸሸ አስቸገረኝ። ጀልባ ነጂያችን አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና “ልጄ፣ ይሄ ሁሉ እንግዳ ነው?” አሉኝ።

“አይ ጋሼ፣ ግማሹ ወሬ ነው።”

“እንግዲያ ወሬውን ዝጋና ቤንዚን እንግዛ።”

ያን ቀን ኢንስታግራምን ከሳይድባሩ አወጣሁት። ሜሴንጀሩም ተከተለ። አሁን የቀሩት ዋትስአፕና ቴሌግራም ብቻ ናቸው፤ ቴሌግራም ላይም የቻናሎችን ድምፅ ዘግቼ የደንበኞችን ብቻ ትቻለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ከጎን ቢሆን ያግዘኛል። ሰው የሚያወራው ነገር ከጎን ሲሆን ግን ቀኑን ይበላል።

ከራም፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ከሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ አንፃርም ጠቅሞኛል። እያንዳንዱ ፓነል ሁልጊዜ የተከፈተ ገጽ ነው፤ ባይታይም ከኋላ ይሠራል። የቢሮው ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፣ አራቱም ሲከፈቱ ማውሱ ራሱ ይንቀራፈፍ ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ በስልክ ሆትስፖት እንሠራለን። የዚያን ጊዜ በራሱ የሚጫወት ቪዲዮ ፓኬጁን ጥርግ ያደርገዋል። የኦፔራ ማስታወቂያ ማገጃ አብሮ የተሠራ ነው፤ እሱን ማብራት ለእንዲህ ያለ ቀን ጥሩ ነው።

ማታ ማታ ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ሳነብ የሚገርም ነገር አገኘሁ። አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሎክ የሚባል፣ በፋየርፎክስ ላይ የተሠራ ብራውዘር ነበር፤ ፎቶውን፣ ብሎጉን፣ በኋላም ፌስቡክና ትዊተሩን አንድ ላይ ያመጣ ነበር። በ2011 መጀመሪያ ዚንጋ የተባለው የጌም ኩባንያ ገዛው፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተዘጋ። በ2010 ደግሞ ሮክሜልት መጣ። ኔትስኬፕን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ማርክ አንድሪሰን ገንዘብ ያፈሰሰበት ነው። በግራ ጠርዙ የፌስቡክ ጓደኞችህ ፊት ይደረደራል፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ፌስቡክ አካውንት አይከፈትም ነበር። በ2013 ያሁ ገዝቶ ዘጋው።

የእኔ ግምት፣ ሁለቱንም የጎዳው በሰው ግቢ ቤት መሥራታቸው ነው። ፌስቡክ ወይም ትዊተር አሠራሩን በለወጠ ቁጥር እነሱም መለወጥ አለባቸው። ኦፔራ የዋትስአፕን የድር ገጽ እንዳለ ነው ጎን ላይ የሚያስቀምጠው፤ ገጹ ሲታደስ አብሮ ይታደሳል። ብልሃቱ ትንሽ ነው፣ ግን የሚበረክት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላክል፤ በተለይ ኮምፒዩተር በጋራ ለምትጠቀሙ። ዋትስአፕ አንዴ ከተገናኘ በኋላ ላፕቶፑን የከፈተ ሁሉ ያነባል። እናቴ የምትልክልኝ ድምፅ ቢሮው ውስጥ እንዲሰማ ስለማልፈልግ የግል ቁጥሬን እዚያ አላገናኘሁም። የሥራው ሲም ብቻውን ነው የተገናኘው። ተለማማጅ ልጅ ሥራ ሲለቅም ስልኩ ላይ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር አይቶ ማስወጣት ያስፈልጋል። ብራውዘሩን መዝጋት በቂ አይደለም።

አሁን ቤት ባለው ላፕቶፕ ቪቫልዲን እየሞከርኩ ነው። ይህንን ብራውዘር የመሠረተው ከኦፔራ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዮን ቮን ቴትችነር ነው። ትዊተርን የሚመስለው የማኅበራዊ መረብ፣ የማስቶዶን፣ የራሱ አገልግሎት አለው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ግን ማስቶዶን ላይ የሚያወራኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የወደድኩለት ማንኛውንም ድረ ገጽ ፓነል ማድረጉን ነው። የፔጁን ኢንቦክስ እዚያ አስገብቼዋለሁ፤ ሰፊ ስለሆነ ፓነሉን መለጠጥ ይፈልጋል፣ ግን የሙሽሮቹ ጥያቄ ሳይረሳ ይታየኛል። ለጥምቀት እንግዳ ሳይበዛ በፊት የቢሮውንም ወደዚያ ላዛውረው አስቤያለሁ።