የሳሎን ምድጃ፦ እንጨት ወይስ ጋዝ? የመረጥኩበት መንገድ

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ከ1950ዎቹ እስከ 70ዎቹ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ሳሎናቸው ወይም ቤዝመንታቸው ውስጥ የጡብ ምድጃ አላቸው። የእኔም እንደዚያ ያለ ነው። የቀረቡልኝ አማራጮች አራት ነበሩ፦ ክፍቱን ምድጃ አሳድሶ እንጨት ማንደድ፣ በውስጡ መስተዋት በር ያለው የብረት የእንጨት ምድጃ (ኢንሰርት) ማስገባት፣ በክፍቱ ምድጃ ላይ የጋዝ ማንደጃና የሸክላ ግንዶች መደርደር፣ ወይም ፊቱ በመስተዋት የታሸገ የጋዝ ኢንሰርት ማስገባት። የመረጥኩት የመጨረሻውን ነው። የእናንተ መልስ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ የሚገኘው ግን ከሻጩ መደብር ሳይሆን ከጭስ ማውጫውና ከቤቱ አየር ነው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሙቀት ነው ወይስ እሳት ማየት? ክፍት የጡብ ምድጃ ከእንጨቱ ጉልበት ወደ ክፍሉ የሚመልሰው ቢበዛ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። እሳቱ ሲንቦገቦግ ማሞቂያው (ፈርነሱ) ያሞቀውን የቤት አየር እየሳበ በጭስ ማውጫው ያወጣዋል፤ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ምድጃው ፊት የተቀመጠ ሰው ይሞቃል፣ መኝታ ቤቶቹ ይቀዘቅዛሉ። ፍም እስካለ ድረስ ደግሞ ዳምፐሩን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ብረት፣ መዝጋት አይቻልም፤ ከተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲወጣ ያድራል። ሙቀት ለሚፈልግ ሰው ክፍቱ ምድጃ፣ በእንጨትም ሆነ በጋዝ፣ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ቀጥሎ የጭስ ማውጫ ምርመራ ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት ደረጃ ኤንኤፍፒኤ 211 በየዓመቱ ምርመራ እንዲደረግ ይላል። ቤት ሲሸጥ፣ ነዳጅ ወይም መሣሪያ ሲቀየር ደግሞ «ሌቭል 2» የሚባለውን ይጠይቃል፤ ካሜራ በጭስ ማውጫው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። ጠራጊው የሲኤስአይኤ (የአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደህንነት ተቋም) የሙያ ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ ቪዲዮውን ራሱን ተቀበሉ እንጂ በቃል በተነገረ ውጤት አትርኩ። በቪዲዮው ላይ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሸክላ ቱቦዎቹ መሰንጠቅ ወይም በመገጣጠሚያቸው መካከል ያለው ስሚንቶ መርገፍ ነው፤ በዚያ ክፍተት ሙቀትና ጭስ ወደ ግድግዳው እንጨት ይደርሳል። ሁለተኛው ከላይ ያለው የስሚንቶ ክዳን መሰንጠቅ ነው፤ ውሃ ይገባና በውርጭ ሲረጋ ጡቡን ይፈነቅላል። ሦስተኛው ክሪዮሶት፣ ያ ሬንጅ የመሰለው ጥቀርሻ፣ ምን ያህል እንደተጋገረ ነው። አንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከደረሰ መጠረግ አለበት። ዱቄት የሚመስለው በብሩሽ ይወጣል፤ እንደ መስታወት ያብለጨለጨው ግን በብሩሽ አይነሳም፣ ልዩ መሣሪያ ወይም ኬሚካል ይፈልጋል።

ከፍታውንም ከውጭ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ መውጣት፣ በ10 ጫማ ዙሪያው ካለው ማንኛውም የጣሪያ ክፍልም በ2 ጫማ መብለጥ አለበት። ካነሰ ነፋስ ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል። ጭስ ማውጫው በውጭ ግድግዳ በኩል የቆመ ከሆነ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ጡቡ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ቶሎ ይበርድና ክሪዮሶት ይሆናል፣ እሳት ሲቀጣጠልም በውስጡ ያለው ቀዝቃዛ አየር ጭሱን ወደ ሳሎን ይገፋል።

ለእኛ ቤቶች ትልቁ ጉዳይ ማድቤቱ ነው። ቁሌት ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ሽታው እንዳይዝ ደግሞ ኃይለኛ የጭስ መሳቢያ (ሁድ) እናስገጥማለን። በደቂቃ ከ400 ኪዩቢክ ጫማ በላይ አየር የሚያወጣ ሁድ ሲከፈት ያ ሁሉ አየር ከአንድ ቦታ መተካት አለበት፤ መስኮቶች ተቀይረው ቤቱ በደንብ ከታሸገ ደግሞ ትልቁ ቀዳዳ ጭስ ማውጫው ነው። አየር ከላይ ወደ ታች ይሳባል፣ የእንጨቱም ጭስ አብሮት ይመለሳል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሙከራ አድርጉ፦ በቀዝቃዛ ቀን፣ እሳት ሳይነድ፣ በሮችንና መስኮቶችን ዝጉ። ሁዱን በሙሉ ኃይሉ፣ የልብስ ማድረቂያውንና የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያዎችን በአንድ ላይ ክፈቱ። ዳምፐሩን ከፍታችሁ አንድ ሰንደል ለኩሱና ከምድጃው አፍ ላይ ያዙት። ጭሱ ወደ ላይ ካልሄደ፣ ወይም ወደ ሳሎን ከዞረ፣ ያ ቤት የሁዱ ምትክ አየር ካልተበጀለት በስተቀር ለክፍት እሳት አይሆንም። ሁዱን ስንከፍት መስኮት እንከፍታለን የሚለው ሐሳብ በተግባር አይዘልቅም፤ ብርድ ሲሆን ማንም አይከፍትም። ከሁሉ በላይ ወደ ታሸገ ጋዝ የመራኝ ይህ ነው።

እንጨትን ግን በደንብ ሳይመዝኑ መጣል አይገባም፤ ጥሩ የእንጨት ኢንሰርት እጅግ የተለየ ነገር ነው። ከግንቦት 2020 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የእንጨት ማሞቂያ የሚያወጣው ብናኝ በሰዓት ከ2 ግራም (በፍልጥ እንጨት ከተፈተነ ከ2.5 ግራም) እንዳይበልጥ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይደነግጋል። ከእንጨቱ ሙቀት 70 በመቶ ያህሉን ለክፍሉ የሚሰጡ አሉ። ሲገጠም ከምድጃው እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ ድረስ ብዙውን ጊዜ 6 ኢንች ስፋት ያለው የማይዝግ ብረት ቱቦ ይገባል፤ በውጭ ግድግዳ ላለ ጭስ ማውጫ ቱቦው መከላከያ ጥቅል (ኢንሱሌሽን) ሊለብስ ይገባል። ኢንሰርቱን ዝም ብሎ ገፍቶ አስገብቶ ጭሱን ወደ ሰፊው አሮጌ ጭስ ማውጫ መልቀቅ ርካሽ ነው፣ አደገኛም ነው፦ ጭሱ በሰፊው ቦታ ይበርድና ክሪዮሶቱ ይጋገራል። ያ ጥቀርሻ አንድ ቀን ሲቀጣጠል እሳቱ 1,100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ የሸክላ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ ቤትም ይቃጠላል።

ማገዶው የሚለካው በኮርድ ነው፤ ተደርድሮ 4 ጫማ ቁመት፣ 4 ጫማ ጥልቀት፣ 8 ጫማ ርዝመት፣ በጠቅላላው 128 ኪዩቢክ ጫማ። «አንድ ፒክአፕ ሙሉ» ወይም «ፌስ ኮርድ» ተብሎ የሚቀርብ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ሲራገፍ ደርድራችሁ በሜትር ለኩ። ደረቅነቱ ከሁሉ ይበልጣል፦ የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። መለኪያውን የግንዱ ጫፍ ላይ አትውጉ፤ ጫፍ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። አንዱን ፍልጥ እንደገና ፍለጡና አዲሱን ፊት ለኩ። ኦክ ተፈልጦ ከተደረደረ በኋላ ለመድረቅ አንድ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ይፈልጋል፤ ሻጩ «የደረቀ» ያለው ኦክ ሲነድ የሚንሾሾና ከጫፉ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ለመጪው ዓመት አስቀምጡት። አሽ የሚባለው ዛፍ ቶሎ ይደርቃል፤ በ2003 ሜሪላንድ ውስጥ የተገኘው አረንጓዴ ጥንዚዛ ብዙውን ስለገደለው ግንዱ በርካታ ነው። ጥንዚዛው ከቦታ ቦታ የሚጓዘው በማገዶ ስለሆነ እንጨት ከሩቅ አታምጡ።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ኮርድ ደረቅ ቀይ ኦክ ወደ 24 ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) አለው። በክፍት ምድጃ 2.4 ሚሊዮኑን ብታገኙ ጥሩ ነው፤ በጥሩ ኢንሰርት ወደ 17 ሚሊዮን። አንድ ቴርም የተፈጥሮ ጋዝ 100,000 ቢቲዩ ነው። 30,000 ቢቲዩ የጋዝ ኢንሰርት በሰዓት 0.3 ቴርም ይፈጃል፤ በምሽት 3 ሰዓት፣ በክረምት 100 ምሽት ቢነድ 90 ቴርም ይሆናል። በቢላችሁ ላይ ቴርሙ ከማከፋፈያው ጋር 1.50 ዶላር ከደረሰ 135 ዶላር ነው። መሣሪያው 70 በመቶ ከመለሰ የተገኘው ሙቀት 6.3 ሚሊዮን ቢቲዩ ነው፤ ይህን ያህል ለማግኘት በእንጨት ኢንሰርት ከኮርዱ ሲሶ ጥቂት ይበልጣል፣ በክፍት ምድጃ ግን ከሁለት ኮርድ ተኩል በላይ ይቃጠላል። በነዳጅ ዋጋ ብቻ እንጨት አይሸነፍም። እንጨትን የሚያሸንፈው መሸከሙ፣ መደርደሩ፣ አመዱ፣ በየዓመቱ መጠረጉ ነው፤ ለእኔ በምሽት ሁለት ሦስት ሰዓት ለሚነድ እሳት ያ ሁሉ አልመጠነም። የጋዝ መስመር የሌለበት አካባቢ የምትኖሩ ግን ሒሳቡን እንደገና ሥሩ፦ አንድ ጋሎን ፕሮፔን 91,500 ቢቲዩ ገደማ ስለሆነ ያው መሣሪያ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ጋሎን ይበላል።

ጋዝም ሁሉ አንድ አይደለም። ባለ ክፍት ጭስ ማውጫ የጋዝ ግንዶች ለማየት ያምራሉ፣ ሙቀታቸው ግን በብዛት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ዳምፐሩም ምንጊዜም እንዳይዘጋ ብረት ይታሰርበታል። ጭስ ማውጫ አያስፈልገውም የሚባለው ዓይነት የቃጠሎውን ውጤት ሁሉ ቤት ውስጥ ይለቃል፤ እርጥበቱ መስኮት ላይ ይወርዳል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል። ካሊፎርኒያ ለመኖሪያ ቤት ከልክላዋለች፤ ልጆችና አስም ያለበት ሰው ባሉበት ቤት እኔ አላስገባውም። የታሸገው ኢንሰርት፣ «ዳይሬክት ቬንት»፣ በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ ሁለት ተጣጣፊ ቱቦዎች ይዘረጋለታል፤ ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው 3 ኢንች ናቸው። በአንዱ አየር ከውጭ ይገባል፣ በሌላው ጭሱ ይወጣል። የቤቱን አየር ስለማይነካ ሁዱ ሲከፈት እሳቱ ግድ የለውም።

የጋዝ መስመሩ ስሌት በቅድሚያ ይሠራ። ፈርነስ 80,000፣ ውሃ ማሞቂያ 40,000፣ ማብሰያ 60,000፣ ልብስ ማድረቂያ 35,000፣ ምድጃው 30,000፤ ድምሩ 245,000 ቢቲዩ በሰዓት ነው። በሰዓት 250 ኪዩቢክ ጫማ የሚያሳልፍ ቆጣሪ ላይ ይህ ጫፍ ነው፤ ካለፈ የጋዝ ኩባንያው ቆጣሪውን ይቀይር። ቱቦው ካነሰ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ላይ ሲሠራ ግፊቱ ይወርዳል፣ የምድጃው ነበልባል ያጥራል፣ ፓይለቱም፣ ማለትም ምድጃውን የምታቀጣጥለው ትንሿ ነበልባል፣ ይጠፋል። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የጋዝ ቧንቧ ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት፣ ደብልዩኤስኤስሲ፣ ነው፤ ፈቃዱን የሚያወጣው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ሥራው ሲያልቅ አራት ነገር ፈልጉ፦ መዝጊያ ቫልቩ በ6 ጫማ ውስጥ እጅ የሚደርስበት መሆኑን፣ ቢጫ ተጣጣፊ ቱቦ ከተጠቀሙ ከቤቱ የመሬት ሽቦ ጋር መታሰሩን፣ መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ መፈተናቸውን፣ በዳምፐሩ ቦታ በቱቦዎቹ ዙሪያ ያለው ክፍተት በሮክ ዉል (እሳት በማይበላው የድንጋይ ጥጥ) መደፈኑን። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከተዘለለ ምድጃው በጠፋበት ሰዓት ብርድ በዙሪያው ይወርዳል። መሣሪያው፣ ቱቦውና መስመሩ ተደምረው በአብዛኛው ከ5,000 ዶላር ይበልጣሉ፤ ከአንድ በላይ ባለሙያ አስገምቱ፣ የቱቦውና የፈቃዱ ዋጋ ለብቻው ይጻፍ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ በሚነድ ፓይለት የሚሠራው የራሱን ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ያለ መብራት ይነሳል፤ በብልጭታ የሚነሳው ጋዝ ይቆጥባል ነገር ግን የመጠባበቂያ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። በሁለቱም ማራገቢያው ያለ መብራት አይሠራም።

የመስተዋቱ ነገር ቀላል አይደለም። የጋዝ ምድጃ መስተዋት ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፣ ከጠፋም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ያቃጥላል። መራመድ የጀመረ ሕፃን ሁለት እጁን ይለጥፍበታል። ከ2015 ወዲህ የተሠሩት መከላከያ መረብ ይዘው ይመጣሉ፤ ለውበት ብላችሁ አታንሱት፣ አሮጌ መሣሪያ ካላችሁም ገዝታችሁ ግጠሙ። በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር። ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለቡና የሚቀጣጠለውን ከሰል በምድጃው አፍ ላይ ማስቀመጥም የጋዝ ኢንሰርቱ ጭስ ማውጫውን ከያዘው በኋላ ጭሱን የትም አያወጣውም።

ሲጀመር ቀለሙ እስኪበስል ሦስት አራት ሰዓት ይሸታል፤ መስኮት ከፍታችሁ አንድዱት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መስተዋቱ ላይ ላብ መታየቱ ጤናማ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከታየ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የሸክላ ግንድ ከቦታው ተንሸራቶ ነበልባሉን እየነካ ነው፤ አጥፉትና በመመሪያው ሥዕል መሠረት መልሱት። ነጩን ጭጋግ መስተዋቱ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ አሞኒያ በሌለው የሴራሚክ መስተዋት ማጽጃ ጥረጉት። በበጋ ጠፍቶ የቆየ ፓይለት በመስከረም አልነሳ ካለ ብዙውን ጊዜ ሸረሪት በቀዳዳው ድር ሠርታበት ነው፤ ከብርዱ በፊት ባለሙያ ጠርታችሁ አስጠርጉት።