ድምፁን ጨምርበት

ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ አስፈሪ ፊልም አያስፈራም። ያንኑ ትዕይንት ከጠዋት እስከ ማታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታመላልሰው ትውላለህ፤ መንፈሱ መቼ ብቅ እንደሚል፣ ሜካፑ የት ጋ እንደለቀቀ ሳይቀር በቃልህ ትይዘዋለህ። ስለዚህ የራስህን ስሜት ማመን አትችልም። ፊልሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ፈልገህ ከስክሪኑ ይልቅ የሰውየውን ትከሻ ማየት ነው ያለብህ።

የእኛም ጉድ የተገለጠው ከሌሎች ክፍሎች ባልደረቦቻችንን ጠርተን ስናሳይ ነው። የፊልሙ ምሰሶ ይሆናል የተባለለት ትዕይንት ነበር፦ ሴትየዋ ሌሊት ከእንቅልፏ ትነቃለች፣ ውሃ ልትጠጣ በኮሪደሩ ታልፋለች፣ ጫፍ ላይ ያለው በር ገርበብ ብሏል፤ ከዚያ የሞተችው እናቷ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። አብሮትም አንድ ትልቅ «ጓ!»። ፊቱ ሲመጣ አንዱ ስልኩን እያየ ነበር። አንዷ ደግሞ ሳቀች፤ ያውም ከልቧ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «ድምፁን ጨምርበት» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ድንገተኛ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ሰውነት አእምሮን ሳያስፈቅድ ይሠራል፤ ዐይን ይጨፈናል፣ አንገት ይሰበሰባል፣ ትከሻ ይነሣል፤ የመጣው ነገር ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ። ችግሩ በር ሲላጋም ሰው እንዲሁ መሆኑ ነው፤ ለዚያ ፊልም ሠሪ አያስፈልግም። ቢሆንም የታዘዝኩትን አደረግሁ፣ መለኪያው ቀዩን እስኪነካ ጨመርሁት። ትዕይንቱ ጮኸ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልሆነም።

ድምፅ ሚክስ የሚያደርጉልንን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጡና ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ተቀመጡ፤ «አጫውተው» አሉኝ። ሲያልቅ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ይቺ ጓ የምትለው የት ገብታ ነው የምትሰማው?»

ልክ ነበሩ። ከሥር የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ አለ፣ ነፋስ አለ፣ በዚያ ላይ እየከረረ እየከረረ የሚወጣ ቫዮሊን። ጆሮ የድምፅን ኃይል የሚመዝነው ከእርሱ በፊት በነበረው ነው፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ሲጮህ የመጨረሻው ጩኸት ከሰልፉ አንዱ ይሆናል። ቫዮሊኑ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጥፋት እያደረሰ ነበር። «ተዘጋጅ፣ ሊመጣ ነው» እያለ ለተመልካቹ ወሬ ያቀብላል። የተዘጋጀ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ጋሼ ትራኮቹን አንድ በአንድ እያስዘጉኝ ሄዱ። ዳይሬክተሩ ቫዮሊኑ ላይ ሲደርሱ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ እንዴት ይሆናል? ሂችኮክም እኮ በፈረንጆቹ 1960 ሳይኮ የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲሠራ ሴትየዋ ሻወር ውስጥ የምትገደልበትን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ሙዚቃውን ጽፎ ካሰማው በኋላ ነው ሐሳቡን የቀየረው። ያለዚያ ቫዮሊን ያ ትዕይንት ምን ይሆን ነበር?»

የጠነከረ ክርክር ነበር፤ እኔ መልስ አልነበረኝም። ጋሼ ግን «መልካም፣ የሻወሩ መጋረጃ እስኪገለጥ ድረስስ ምን ይሰማል?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። የሚሰማው የውሃ ድምፅ ነው። በመጋረጃው በኩል የሰው ጥላ ሲቀርብ እያየንም ቢሆን ሙዚቃ አይሰማም፤ ቫዮሊኑ የሚጮኸው መጋረጃው ሲገለጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረን የእግር ኮቴና ፍሪጁ የሚያሰማው ያ ስስ እምታ ብቻ ሆነ። ጋሼ እምታውን ከትዕይንቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንዳስገባ፣ ሴትየዋ የኮሪደሩ መሐል ስትደርስ ደግሞ ድንገት እንድቆርጠው አዘዙኝ። ፍሪጅ በራሱ ጊዜ ሲሠራና ሲያቆም የሚውል ዕቃ ስለሆነ ማንም ነገር ሠሩብኝ አይልም። ግን እምታውን ሲሰማ መቆየቱን ሰው የሚያውቀው ሲጠፋበት ነው፤ ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ጆሮ የሰጠ ይመስለዋል።

ሥዕሉ ግን አሁንም ችኩል ነበር። ከተጣሉት ሾቶች መካከል አንድ ነበረኝ፦ ካሜራው ከሩቅ ቆሞ እናቲቱን በበሩ ክፍተት ያያታል፣ ግን የበሩ መቃን ፊቷን ስለጋረደው ትከሻዋና አንድ እጇ ብቻ ይታያሉ። ዳይሬክተሩ «ፍሬሙ ተበላሽቷል» ብሎ የጣለው ነው። ጋሼ ሲያዩት ፈገግ አሉና የ1968ቱን አስፈሪ ፊልም ሮዝመሪስ ቤቢን አነሡ። ካሜራማኑ ዊሊያም ፍሬከር አሮጊቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስልክ ስታወራ በሩ መሐል ደህና አድርጎ አስገብቷት ነበር፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ፖላንስኪ ግን ካሜራውን አስነሥቶ ፊቷ በመቃኑ እንዲሸፈን አደረገ። ፍሬከር ነገሩ የገባው ሲኒማ ቤት ገብቶ ተመልካቹ ከመቃኑ ጀርባ ያለውን ለማየት አንገቱን ሲያዘነብል ባየ ጊዜ ነው።

ያንን ሾት አስገብተን ዐይን እስኪያሳክክ ድረስ አቆየነው። ፊቷ አይመጣም፤ ሴትየዋ በሩን ዘግታ ትመለሳለች። በሁለተኛው ማሳያ አዲስ ሰዎች ጠራን፤ የቀደሙት ከእንግዲህ አይጠቅሙም። እኔ ፊታቸውን ወደማይበት ጥግ ሄድሁ። ፍሪጁ ሲያቆም ከኋላ ወንበሩን ሲያንቋቋ የነበረው ሰው መነቃነቁን ተወ። ሾቱ ሲመጣ የፊተኛው ረድፍ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ። ሙሉ ረድፉ! ሳቅ የመጣብኝ ያን ጊዜ እኔን ነው።

«ጓ!»ዋን ግን ዳይሬክተሩ እንዲሁ ሊተዋት አልፈለገም፤ ቀደም ብሎ ባለ ትዕይንት ላይ ነፋስ የመስኮቱን መዝጊያ ሲያላጋው አስገባት። ይህም የቆየ ብልሃት ነው። በ1942ቱ ካት ፒፕል ፊልም አንዲት ሴት በጨለማ መንገድ እየተከተሏት መስሏት ስትጣደፍ፣ የአውሬ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ ለካስ የአውቶቡስ ፍሬን ኖሯል። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ዘዴውን በፕሮዲዩሰሩ በቫል ሉተን ስም «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል። የእኛ ዳይሬክተር አንዷ «ጓ!» ስለሠራችለት ሁለት ጨመረባት። ሦስተኛዋ ላይ ትከሻው የተነሣ ተመልካች አልነበረም፤ ማንም ሳይነግረው ራሱ ሰረዛት።

ለትሬይለሩ ፕሮዲዩሰሩ የተሰረዘችዋንም ጨምሮ ሁሉንም ጠየቀ፤ ሰጠነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ መንገድ ላይ በስልኩ ለሚያይ ሰው የፍሪጅ እምታ አይሰማውም።