«ጠጋኝ አሮጌ ይወዳል»

ይህችን አባባል የሰማኋት ስብሰባ ላይ ነው። ሰው ለማሳቅ ተባለች፣ ሰውም ሳቀ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ግን እስካሁን አልተዋጠችልኝም።

ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፎርማት፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ፕሪንተር፣ የመጣውን ሁሉ። ጊዜው መስከረም 2018 ነበር። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 በኋላ ለዊንዶው 10 ማሻሻያ አልሰጥም ብሏል። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ግን «ከጥቅምት 4 በኋላ ኮምፒውተር አይከፈትም» ሆኖ ነበር። ሱቄ በር ላይ ቆመው «ዶክመንቴን በፍላሽ ቶሎ ላውጣ?» የሚሉኝ ነበሩ።

ይከፈታል። ትናንት እንደተከፈተው ይከፈታል። የሚቀረው በየጊዜው የሚመጣው የደኅንነት ጥገና ነው። እሱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንልህ የለም። ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔ ጋ ከሚመጡት ማሽኖች ስንቱ ነው አፕዴት ሲያደርግ የኖረው? ዳታ ይበላል ተብሎ ከመጀመሪያው ቀን ይዘጋል። ቫይረሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ በተመለሰ ፍላሽ ነው። ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር የሚገድለው ደግሞ መብራት ነው። ክረምት ላይ ሄዶ በኃይል ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ አንዴ ጢስ ይልና ያበቃል። ለዚህኛው ስብሰባ የጠራ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ከገበሬ እህል እየተረከበ የሚሸጥ ማኅበር ነው፤ ስሙ ይቅር። ቢሮው ውስጥ የተደረደሩት ዴስክቶፖች ፕሮሰሰራቸው፣ አንጎላቸው ማለት ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ ሰባተኛ ጄነሬሽን (ሰባተኛ ትውልድ) ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ሃርድ ዲስኩ ዘገምተኛ ነው እንጂ ማሽኖቹ ጤነኛ ናቸው፤ በየክረምቱ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ አንድ አቅራቢ ፕሮፎርማ ይዞ መጣና ሥራ አስኪያጁ «አንተም ና፣ ስማ» ብለው አስጠሩኝ።

አቅራቢው ልጅ እግር ነው። ጫማው የማርቆስን ጭቃ ገና አላየም። ሁሉንም «ብሮ» ይላል፣ ሥራ አስኪያጁን ብቻ «ጋሼ»። ማሽኖቹ ላይ ፒሲ ኸልዝ ቼክ የምትባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም እየከፈተ አሳየን። ይህ ኮምፒውተር ለዊንዶው 11 አይሆንም፣ ቀጣዩ አይሆንም፣ ቀጣዩም አይሆንም። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ የጸሐፊዋ ማሽን ላይ ሲደርስ አረንጓዴ ምልክት መጣ። አለፈች!

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያቺ እኮ ኮር አይ ስሪ ናት። ስንገዛ ርካሿ እሷ ነበረች። አይ ፋይቩ ወድቆ አይ ስሪዋ እንዴት አለፈች?»

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ከኃላፊ አፍ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው እሱ ነው።

«ጄነሬሽን ነው ጋሼ» አለ ልጁ። «ሰባተኛ ሞቷል። ከስምንተኛ ጀምሮ ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የነሱ አይ ፋይቭ 7500 ነው፣ አራት ኮር፣ 3.4 ጊጋኸርዝ። የጸሐፊዋ አይ ስሪ 8100 ነው፣ አራት ኮር፣ 3.6 ጊጋኸርዝ። ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ኤክሴል ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትለይም። ዊንዶው 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ነገርም ሰባተኛው ላይ አለ፤ ባዮስ (ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ ማብራት ብቻ ነው። የጣላቸው ዝርዝሩ ነው። ማይክሮሶፍት የፕሮሰሰር ስም ዝርዝር አወጣ፣ ስምህ ካለ አለፍክ፣ ከሌለ ወደቅክ። ደግሞ ይገርማችኋል፣ ነሐሴ 2013 ላይ ዝርዝሩን ሲከልሱ ከሰባተኛ ጄነሬሽን ጥቂት ፕሮሰሰሮችን አስገቡ። አንዷ ማይክሮሶፍት ራሱ ይሸጠው በነበረው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ውስጥ ያለችው ናት። የራስ ልጅ ሲሆን ሰባተኛም ያልፋል።

ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ ልጁን «ሞቷል ካልክ፣ ቅድም ኸልዝ ቼኩን የከፈትክበት ማን ነው?» አልኩት።

ሳቅ ሆነ። ሳቁ የእኔ ነበር። ለጥቂት ጊዜ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ጠጋኝ አሮጌ ይወዳል» አሉ። «አዲስ ከገዛን ማን ይጠራዋል?»

ይኸኛው ሳቅ ረዘም ያለ ነበር።

የሚያናድደው፣ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ሰውየው ስለ ፕሮሰሰር አንድ ቃል ሳይናገሩ የተናገርኩትን ሁሉ አፈረሱት። 7500 እና 8100 የት ገባ? የቀረው የኔ እንጀራ ነው። የልጁን እንጀራ ግን ማንም አላነሳውም፤ እሱ ፕሮፎርማ የያዘ ባለሙያ ነዋ!

ቢሆንም ያሰብኩትን ተናገርኩ። በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ይግባላቸው፣ ራሙ 8 ጊጋ ይሁን። ባንክና ግብር የሚሠራባቸው ማሽኖች አዲስ ይገዙ፣ እነሱ ላይ አልከራከርም። የቀሩት ከኢንተርኔት ወጥተው ይቀጥሉ። ማይክሮሶፍት ለድርጅት በአንድ ማሽን 61 ዶላር እያስከፈለ የመጀመሪያውን ዓመት ማሻሻያ ይሰጥ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ነው። ዶላሩን በየትኛው ካርድ እንደምንከፍለው የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። በዚያ ላይ ዊንዶውህ መጀመሪያ ሕጋዊ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። በዊንዶው ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትንም አነሳሁ። ነጻ ነው፣ ማሽኖቹ ላይ እንደ ልብ ይሄዳል፣ አማርኛም ይጽፋል። ጸሐፊዋ «ፓወር ግዕዝስ?» አለች። የዚያ ነገር እዚያው አለቀ። ይህቺ ሴት ጣቷ የለመደውን አቀማመጥ ቀይሪ ከምትላት ደሞዟን ቀንስ ብትላት ይሻላታል። ደግሞ ያለፉት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች በድሮው ቪዡዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው፤ ፎንቱ በሌለበት ስትከፍታቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ናቸው።

ልጁ ከሁሉም የሳቀው በኤስኤስዲው ነው። «ብሮ፣ እሱ እኮ ሬሳ ላይ ሽቶ መርጨት ነው።»

ጥሩ አባባል ናት። ያኔም ጥሩ መሰለችኝ።

እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩት የሒሳብ ሹሟ እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሁለታችሁም ከኪሳችሁ ነው የምታወሩት» አሉን። «እኔ የምፈልገው የሒሳብ ፕሮግራሜ፣ ፒችትሪዬ ይከፈታል ወይ? ደረሰኝ ማተሚያዬ ይሠራል ወይ?»

ልጁ «ይሠራል እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አለ። እኔ «ሳልሞክር አልናገርም» አልኩ። እትዬ ሁለታችንንም አላመኑንም። ማስታወሻቸው ላይ ግን ልጁ ያለውን ብቻ ጻፉ፣ ከነቀኑ። የሒሳብ ሰው እንዲህ ነው።

አዲሶቹ ተገዙ። ሁሉም። የእትዬ ማሽን ብቻ ቀረ፤ በስሜ የተመዘገበ ንብረት ነው፣ ፒችትሪው ሲከፈት ሳላይ አላስረክብም ብለው። አልተከፈተም። ያ የድሮ ፒችትሪ አዲሶቹ ላይ አልጫን ብሎ አስቸገረ። ደረሰኝ ማተሚያው ዶት ማትሪክስም የሚሰካው በዚያ በወፍራሙ የድሮ ገመድ ነው። አዲሶቹ ቀጫጭን ማሽኖች ጀርባቸው ላይ እሱን የሚቀበል ቀዳዳ የላቸውም። ገበሬው ደግሞ የሚፈልገው በካርቦን የሚወጣውን ደረሰኝ ነው፣ አንዱን እሱ ይዞ ሌላው ቢሮ የሚቀረውን። በቆሎ መግቢያ ሰዓት ላይ አዲስ ኮምፒውተር ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሞቷል የተባለው ማሽን ጋ ተሰልፎ ያሳትም ነበር። ያንን ማተሚያ ከአዲሶቹ ጋር የሚያገናኝ ገመድ እንዳለ አውቃለሁ። ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን አልጠየቁኝም።

የቀሩት አሮጌዎቹ በጨረታ ወጡ። ማን እንደወሰዳቸው አልሰማሁም፣ አልጠየቅኩምም።

ክረምት ሳይገባ አንድ ተማሪ ሲስተም ዩኒት ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ዊንዶው 11 ነው፣ አፕዴት ግን አልቀበልም አለኝ።» ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኑ ላይ በአልኮል የተፈተገ ነገር አለ፤ ጠጋ ብለህ ስታየው የንብረት ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር በየክረምቱ አቧራ ሳራግፍ አይቼዋለሁ። ከፈትኩት። ኮር አይ ፋይቭ 7500። ዊንዶው 11 ተጭኖበታል።

እንዴት እንደሚጫን ባለሙያው ያውቀዋል። ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም የመጫኛ ፍላሹን ስትሠራ አንድ ምልክት ታደርጋለህ፣ ቲፒኤም የሚለውም ጄነሬሽን የሚለውም ጥያቄ ይዘለላል። ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን ኃላፊነት አልወስድም ይላል፣ አዲሱ ቨርዥን ሲወጣም በራሱ አይመጣልህም፤ በእጅህ መጫን አለብህ። ተማሪው ማሽን ላይ የተጫነው 23ኤች2 የሚባለው የዊንዶው 11 ቨርዥን ነው። ያ ቨርዥን ለተራ ተጠቃሚ ኅዳር 2 ቀን 2018 ተዘግቷል። ዊንዶው 10 ተዘጋ ተብሎ የተጣለ ማሽን፣ ዊንዶው 10 ከተዘጋ ወር ሳይሞላ በተዘጋ ዊንዶው 11 ተሸጧል ማለት ነው። (ኮር ቱ ዱዎ የሚባለው የድሮ ፕሮሰሰር ያላችሁ ግን በዚህ መንገድ አትድከሙ። ቀጥሎ ከመጣው ከ24ኤች2 ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚጎድለው ትእዛዝ አለ፤ ምንም ምልክት ብታደርጉ አይነሳም። እነሱ ላይ ሚንት ጫኑ፣ ወይም ለሐዘን ተዘጋጁ።)

ተማሪውን የዋስትና ወረቀት ጠየቅኩት። አወጣ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ስልኬ ላይ ስጽፈው ስም ይዞ መጣ። ከስብሰባው ቀን ጀምሮ ተመዝግቦ የቆየ ስም።

ደወልኩለት። «ሰባተኛ ሞቷል ብለኸኝ አልነበር? ይኸው ተነሥቶ ሱቄ መጣ።»

ሳቀ። አላፈረም። «ብሮ፣ እኔ ለመሥሪያ ቤት ሞቷል አልኩ እንጂ ለተማሪ ሞቷል አላልኩም።»

ያኔ እንዲህ አላለም። ስብሰባው ላይ ለመሥሪያ ቤት፣ ለተማሪ የሚል ነገር አልነበረም፤ ሞቷል ነው ያለው፣ አበቃ። ግን የሚመልሱለት ነገር ፈልጌ አጣሁ። የገበሬ ሒሳብ ያለበት ማሽንና ተማሪ ፊልም እያየ አሳይመንት የሚሠራበት ማሽን እኩል መታየት የለባቸውም። ይህን እኔም ብናገረው ኖሮ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ከእሱ አፍ ስለወጣ ብቻ ሌባ ሐሳብ መሰለኝ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ደግሞ ደንበኛ ላክልኝ፣ ኮሚሽን አለው» አለኝ።

ተማሪው ቆሞ ይጠብቃል። «ተበላሁ እንዴ ጋሼ?» አለ። የከፈለውን ጠየቅኩት። ነገረኝ። ዋጋው ውድ አይደለም፤ ውድ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። «አልተበላህም» አልኩት።

አዲሱን ቨርዥን በፍላሽ ጫንኩለት። ፋይሉ እስኪገለበጥ ድረስ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ። አቧራው ተነፍቷል፣ ፕሮሰሰሩ እንዳይግል የሚቀባው ፓስታ ተቀይሯል፣ በንጽሕና የተሠራ ሥራ ነው። ራሙ 8 ጊጋ ሆኗል። ያ ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክም የለም፤ በቦታው ኤስኤስዲ ገብቷል።

ሥራ አስኪያጁ አልሰሙኝም፣ እትዬ አላመኑኝም፣ ጸሐፊዋ በፓወር ግዕዝ ዘጋችብኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተናገርኩትን ቁጭ ብሎ የመዘገበው ለካ ያ ልጅ ነው።